ግራምና አሥራ አምስቱ ኪሎ

ሰውዬው ሚዛን ጠጋኝ ነበር። የአትክልት ሻጩ ሚዛን ቢያጋድል፣ የሥጋ ቤቱ ቢንቀራፈፍ፣ የፖስታ ቤቱ ቢሰንፍ የሚጠራው እሱ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም እናቱ ታስታውሰው እንደሆነ እንጂ ሰፈሩ «ግራም» ብሎት ቀርቷል። መቶ አራት ኪሎ የሚመዝን ሰው ግራም ሲባል ሰምቶ ያልሳቀ ካለ፣ ያ ሰው ጥርሱን እያመመው ነው።

ግራም በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ነገር አጥብቆ ይወዳል፤ ጣፋጭንና ራሱን ማድነቅን። በኬክ ቤቱ ደጃፍ ሲያልፍ እግሩ ሳያማክረው ይታጠፋል። ባለ ኬክ ቤቷ የመደርደሪያዋን መስታወት የምትወለውለው እሱ ከሄደ በኋላ ነው፤ ቀድማ ብትወለውለው የአፍንጫው ጫፍ ይታተምበታልና ድካም ብቻ ነው። አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ሲያስነጥሰው የስኳር ብናኝ ቡን ብሎ ሦስት ንብ ከመስኮት ገባ ይባላል። አራት ነበሩ የሚሉም አሉ። እኛ ሦስቱን እንያዝ።

«የኔ ምላስ» ይላል ግራም፣ ሹካውን እየላሰ፣ «እስከ ዛሬ ከጠገንኩት ሚዛን ሁሉ ይበልጣል። ከአንድ ማንኪያ ስኳር ላይ አሥር ቅንጣት ብታነሱ እነግራችኋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ!»

ታዲያ ጉልበቱ ደረጃ ሲያይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ባለቤቱ ጎትታ ክሊኒክ ወሰደችው። ሐኪሟ የደሙን ውጤት አነበበች፤ ደግማ አነበበች፤ መነጽሯን አውልቃ ሰለሰች።

«ጋሼ፣ ይሄ ደም ሻይ ያጣፍጣል» አለች። «ሁለት ወር እሰጥዎታለሁ። ስድስት ኪሎ ይቀንሳሉ። ከቀነሱ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ቁራጭ ኬክ እፈቅድልዎታለሁ። ካልቀነሱ ግን ኬክን ዕድሜ ልክዎን በመስታወት ውስጥ ያዩታል እንጂ አይቀምሱትም። ባለቤትዎም እዚህ ናቸው፤ ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ» አለች ባለቤቱ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጥርቅም አድርጋ ይዛ።

«እስከዚያስ ዶክተር? ለምሳሌ የኬኩን ጫፍ ብቻ?»

«የኬክ ጫፍ ኬክ ነው ጋሼ።»

ሲወጡ ሐኪሟ ለባለቤቱ አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠቻት። ግራም የመድኃኒት ማዘዣ መስሎት ፊቱን አዞረ። በዚያች ሰዓት ወረቀቱን ቢያየው ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። ግን ሰው የማይወደውን ወረቀት መች ያያል?

ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱ ውስጥ ሐዘን ተቀመጠ። ግራም ሻዩን ያለ ስኳር ይዞ ሰው የሞተበት ይመስል ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። በአራተኛው ቀን ባለቤቱ በሩን ዘጋች፤ መጋረጃውን ጎተተች፤ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች።

«ስማ አንተ ሰውዬ። ሆዴ አልችል አለ። ሐኪሟ አትወቅ እንጂ እኔ እጋግርልሃለሁ። በየቀኑ አንድ አንድ ቁራጭ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል!»

ግራም እጇን ሊስም ተነሣ። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ሲኖሩ እንዲህ ዓይነት የወንጀል ተባባሪ ማግባቱን አያውቅም ነበር።

ችግሩ የራሳቸው ምድጃ መበላሸቱ ነው። ምድጃ ያላት ዋርሳው፣ የባለቤቱ ታናሽ እህት፣ እዚያው ሕንጻ አምስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። እነሱ ምድር ቤት ናቸው። አሳንሰር ደግሞ ለዚያ ሕንጻ ተስሎ የቀረ ሐሳብ ነው። ስለዚህ ጥሬውን ትሪ ተሸክሞ የሚወጣው ግራም፣ የበሰለውን ተሸክሞ የሚወርደውም ግራም ሆነ። በመሐል ደግሞ ትዕግሥት የለውም፤ «ነፋ እንዴ?» ሊል አንዴ ይወጣል፣ «ቀላ እንዴ?» ሊል አንዴ ይወጣል።

«ዋርሳዬ፣ እዚሁ ቁጭ ብለህ አትጠብቅም?» ትለዋለች።

«ሽታው ያሰቃየኛል። ወርጄ ልምጣ» ይላትና ይወርዳል፤ ይመጣልም።

እራት ላይም ነገር ተለወጠ። ባለቤቱ ጎመኑንና ምስሩን በትልቁ፣ ዳቦውን በትንሹ ታቀርብና «ለኬኩ ቦታ ተው» ትለዋለች። ለኬኩ ሲባል ግራም ምን የማይተወው አለ! ሁለተኛ ሳህን ትቶ፣ ሦስተኛ ዳቦ ትቶ፣ እንደ ሙሽራ ተስተካክሎ ይቀመጣል። ኬኩ ሲመጣ ቡናማ ነው፤ ቀረፋ ቀረፋ ይሸታል፤ ከላይ ነጭና ወፍራም ነገር ተቀብቷል። ግራም አንዱን ጉርሻ ወደ አፉ ልኮ ዓይኑን ይጨፍናል።

«ይሄ ነው ስኳር ማለት! ቢያንስ ሩብ ኪሎ ገብቶበታል።»

«ሩብ ተኩል» ትላለች ባለቤቱ ዓይኗን ሰብራ።

«አልኩሽ! ምላሴ አይስትም!»

በማግሥቱ ሱቁ ውስጥ ሚዛን ሊያስጠግን የመጣውን ሁሉ ይሰብክ ጀመር። «ጤናማ ጣፋጭ የሚሉት ነገር አለ፤ ሰምታችኋል? ከካርቶን ነው የሚሠሩት። ካርቶኑንም አይቀቅሉትም። እኔ ግን ...» ይልና ትንፍሽ እንዳይል የተነገረውን አስታውሶ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

አንድ ወር ሲያልፍ ሱሪው መንሸራተት ጀመረ። ግራም አልደነገጠም። «የዛሬ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰፋል» አለና ቀበቶውን በምስማር በሳው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ በሳው። «የዛሬ ቆዳም ይለጠጣል» አለ። ቀለበቱ ከጣቱ ወልቆ ሳሙና ላይ ሲገኝ «የዛሬ ወርቅም» አለ። ዓለም በሙሉ እየሰፋ ሄደ እንጂ እሱ ጠበበ የሚል ሐሳብ በአጠገቡ አላለፈም። እንዴትስ ይለፍ? ሰውዬው በየቀኑ ኬክ እየበላ ነው!

አርባ ሚዛን ያለው ሰው ለምን አንዱ ላይ ወጥቶ አያይም ትሉ ይሆናል። አይወጣም። ሙያውን ያስተማረው ሽማግሌ ገና ከጅምሩ አስምሎታል፤ «ሚዛን በብረት ነው የሚፈተነው። ብረት ምሳ አይበላም፤ አንተ ትበላለህ። ራስህን የመዘንክ ዕለት ሚዛኑን ትተህ ለራስህ ማዘን ትጀምራለህ።» ግራም ይህን መሐላ ሠላሳ ዓመት አክብሯል። ከሥራ ሕጎች ሁሉ ሳይቸገር ያከበረው እሱን ብቻ ነው፤ መቶ አራት ኪሎ ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ ሕግ ከየት ይመጣል።

ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው ከክሊኒኩ ተጠራ። የሰው መመዘኛው ሲወጡበት ይጮሃል፤ በሽተኛ ያስደነግጣል። ነርሷ ሚዛኑን ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀምጣለት ሄደች። ግራም ከሆዱ በታች ያለውን ክዳን ሲከፍት፣ ከሚዛኑ ሆድ ማለቴ ነው፣ ዘይት የጠማው ጥቅልል የብረት ሞላ አየ። ሁለት ጠብታ ዘይት አንጠባጠበ። ጩኸቱ ጠፋ። ሥራው አለቀ።

እጁ ግን አላለቀም።

«እንግዲህ እናስላ» አለ ለራሱ። «ሁለት ወር ኬክ በልቻለሁ። ኬክ የበላ ሰው አይቀንስም። ያልቀነሰ ሰው ቅዳሜ የለውም። ስለዚህ ወይ እኔ እቀንሳለሁ፣ ወይ ሚዛኑ ይቀንሳል። እኔ ሳምንት አይበቃኝም። ሚዛኑን ሩብ ሰዓት ይበቃዋል።»

ተራ ሌባ ቢሆን ቀስቷን ከዜሮ ወደ ኋላ ይገፋታል፤ ያንን ነርሷም ታየዋለች። ግራም ግን ባለሙያ ነው። ከሳጥኑ ጠንከር ያለ ሞላ አወጣና ቀየረው። አሁን ሚዛኑ ባዶውን ሲሆን ቀስቷ ዜሮ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ሰው ሲወጣበት ግን ከመቶ ሰባት ትበላለች። የያዛቸውን አምስት ባለ ሃያ ኪሎ ብረቶች ሚዛኑ ላይ ደረደረ። ቀስቷ መቶ ማለት ሲገባት ዘጠና ሦስት አለች። እሱን መቶ አራቱን ዘጠና ሰባት ልትለው ነው። ክዳኑን ዘጋ፤ ሽቦውን አሠረ፤ ሽቦው ላይ የእርሳስ ማኅተሙን በጉጠት ጨፈለቀ። «ተፈትኗል» ይላል ማኅተሙ። ያ ማኅተም ሠላሳ ዓመት ዋሽቶ አያውቅም ነበር።

በዚያ ሳምንት ሰፈሩ ከሳ። ክሊኒክ ለጉንፋን የገባ ሁሉ አምስት ስድስት ኪሎ ጥሎ ወጣ። ሰዉም ደስታውን ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ባለው ኬክ ቤት ይገልጥ ጀመር። «ስድስት ኪሎ ቀንሼ አንድ ኬክ አይገባኝም?» የማይል አልነበረም። ነርሷ አምስት ኪሎ ቀንሳ ጠበብ ያለ ቀሚስ ገዛች። ሐኪሟ እንኳ ማንም በሌለበት ወጥታበት ስልሳ አራት የነበረችው ስልሳ ሆነች፤ የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መዝገብ ላይ ስትፈርም የከንፈሯ ጠርዝ ላይ ክሬም ነበረ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ግራም ጫማውን አወለቀ፤ እንደ ቅዱስ ሰው ፊቱን አረጋጋና ወጣ። ቀስቷ ሄደች፣ ሄደችና ቆመች።

ነርሷ አየች። ዓይኗን አሸችና አየች። «ሰማንያ ዘጠኝ» አለች።

«ስንት?» አለ ግራም።

«ስንት?» አለች ሐኪሟ።

የባለቤቱ ቦርሳ ወደቀ።

ሐኪሟ መዝገቡን ገለጠች። «አሥራ አምስት ኪሎ። በሁለት ወር። ጋሼ፣ እንዲህ የሚቀንስ ጤነኛ ሰው የለም። ይሄ ደግ ነገር አይደለም።» ጎንበስ ብላ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረች። «ዛሬውኑ ደም፤ ነገ ሆድዎን በቱቦ እናያለን።» ነርሷ ቱቦውን ከመሳቢያ አውጥታ ዘረጋችው። ቱቦው ተዘርግቶ ተዘርግቶ አያልቅም፤ ጫፉ በር ላይ ደረሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም። «ምክንያቱ እስኪታወቅ ደግሞ ጣፋጭ የሚባል ነገር አፍዎ እንዳይደርስ። ቅዳሜንም ይርሱት።»

«ገደልኩት!» ብላ ባለቤቱ ማልቀስ ጀመረች። «በገዛ እጄ ገደልኩት!»

ግራም ቱቦውን አየ። የሚስቱን እንባ አየ። ቅዳሜን በዓይነ ሕሊናው አየው፤ በሹካ ላይ ሆኖ እየራቀው ነው። ከሦስቱ የትኛው እንዳንበረከከው እሱ ያውቃል፤ እኛ ግን ቅዳሜ ነው ብለን እንጠረጥራለን።

«ዶክተር» አለ፣ «የታመምኩት እኔ አይደለሁም። ሚዛኑ ነው።»

«ምን?»

«ይበላል። ከመቶ ሰባት ይበላል።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ የነበረው ርኅራኄ ተነሥቶ ወጣ። «ይሄ ሚዛን? በፍጹም። ይሄ ሚዛን ትክክል ነው።»

«እኔ ነኝ የምልዎት!»

«ማኅተሙን ይዩት። የማን ነው?»

«የኔ።»

«ታዲያ ማኅተምዎን ልመን ወይስ እርስዎን?»

«በሽተኛ ሲፈራ እንዲህ ነው የሚለው ዶክተር» አለች ነርሷ፣ ቀሚሷን ወደ ታች እየጎተተች።

«ይኸውላችሁ፣ በሕይወቴ አንድ ጊዜ እውነት ብናገር የሚሰማኝ ጠፋ!» አለ ግራም። ጫማውን በእጁ ይዞ በካልሲው ሁለት መንገድ አቋርጦ ሮጠ፤ ሱቁ ገባ፤ አምስቱን ብረቶች በእጅ ጋሪ ጭኖ እየገፋ ተመለሰ። ጉልበቱ አለመንቀጥቀጡን ያስተዋለ የለም፤ እሱም አላስተዋለም።

አንድ ሃያ፣ ሁለት ሃያ፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ቀስቷ ዘጠና ሦስት ላይ ቆመች።

ሐኪሟ ሳታስበው ጣቷን ወደ ከንፈሯ ጠርዝ ሰደደች። ነርሷ «ቀሚሱን መልሰው አይቀበሉኝም» አለች በቀስታ።

«ለምን?» አለች ሐኪሟ በመጨረሻ። «ለምን እንዲህ አደረጉ ጋሼ?»

እዚህ ላይ ወንድ የሆነ ሰው ጥፋቱን ራሱ ይሸከማል። ግራም ግን ጣቱን ወደ ባለቤቱ ቀሰረ። «ኬክ ስታበላኝ ነበር! ሁለት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ! እኔ ምን ላድርግ? እምቢ ልበላት?»

ባለቤቱ እንባዋን እየጠረገች ነበር፤ በመሐል ሳቋ አመለጣት። ሐኪሟን አየቻት፤ ሐኪሟም አየቻት። ከቦርሳዋ ያንን የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ ዘይት ጠጥቶ ብርሃን ያሳልፋል።

«አንብበው እንግዲህ።»

ግራም አነበበ። «ዱባ። ካሮት፣ የተፈቀፈቀ። ቴምር። የበሰለ ሙዝ። ከነፉርሽካው የተፈጨ ስንዴ ...» ቀና አለ። «ፉርሽካ? ከብት ነኝ እንዴ?»

«በጣም ጥሩ ከብት» አለች ባለቤቱ።

«ክሬሙስ?»

«በጨርቅ የተጠለለ እርጎ።»

«ስኳሩስ? ያ ሩብ ተኩል ያልሽኝ?»

«ሩብ ተኩል ካሮት ነበር። አንተ ስኳር አልከው፤ እኔ ልከራከርህ?»

ግራም ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ማኅተሙ ቢዋረድ ግድ የለም፤ ማኅተም ይገዛል። ምላሱ ግን! ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የማለበት ምላስ፣ ካሮትን ከስኳር የማይለይ ምላስ ሆኖ ስድሳ ቀን አፉ ውስጥ ተቀምጧል!

የድሮውን ሞላ መለሰና፣ የመምህሩን መሐላ ለሁለተኛ ጊዜ በዚያው ቀን አፍርሶ ወጣበት። ዘጠና ስድስት። እውነተኛ ስምንት ኪሎ።

«ማለት፣ ባልነካካው ኖሮ ...»

«አሸንፈው ነበር» አለች ሐኪሟ። «አሁንም ቃሌ ቃል ነው፤ ቅዳሜ አንድ ቁራጭ ይበላሉ። ከዚያ በፊት ግን እዚህ ሚዛኑ አጠገብ ይቆሙና፣ በዚህ ሳምንት የተመዘነው ሁሉ ተጠርቶ ሲመጣ አንድ በአንድ እርስዎ ራስዎ ይነግሩታል።»

ያንን ሳምንት ባንተርከው ይሻላል። «ስድስቱ ኪሎ ተመልሰዋል» መባል የሚወድ ሰው አልተፈጠረም። አንዷ በጃንጥላ አቀመሰችው። አንዱ ኬክ የበላበትን ሳምንት እንዲመልስለት ጠየቀው። ሐኪሟ ብቻ ወጥታ፣ ስልሳ አራቷን አይታ፣ ከንፈሯን ጠርጋ ወረደች።

ቅዳሜ ሆነ። ባለ ኬክ ቤቷ ከሩቅ አይታው እጇን ዘረጋች። «ጋሼ ግራም! የት ጠፉብን? መስታወቴ ሁለት ወር ንጹሕ ሆኖ ሰለቸኝ!»

ከባለ ሦስት ፎቁ ኬክ አንድ ቁራጭ አዘዘ። ባለቤቱ ባዶ ሻይዋን ይዛ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ግራም ሹካውን አነሣ፤ ትልቅ ቆረጠ፤ ጎረሰ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

ቶሎ ገለጠው።

ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣበቀ። ጥርሱ ውስጥ አንድ ነገር ጮኸ። ስኳሩ ጉሮሮው ላይ ቆሞ አልወርድም አለ። አንድ ስኒ ሽሮፕ ላይ አንድ ስኒ ሽሮፕ አፍስሰው ያጠጡት መሰለው። እንባው ቅርር አለ።

«እንዴት ነው?» አለች ባለቤቱ።

«ግሩም» አለ፣ ውሃ እየፈለገ።

«ያስለቅሳል አይደል?»

ባለ ኬክ ቤቷን ጠራት። «እናንተ፣ ዛሬ ስኳር ጨምራችኋል እንዴ?»

«እኛ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያው ነው ጋሼ።»

«ከምላሱ ጋር ተጣልታችኋል» አለች ባለቤቱ። ግራም ሁለተኛ ጎረሰ፤ ሰው እያየው ነውና። ሦስተኛውን ሰው ዞር ሲል በናፕኪን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ሁለት ወር የታገለለት፣ ሞላ የቀየረለት፣ በጃንጥላ የተመታለት ቁራጭ ኪሱ ውስጥ እየተጨመቀ ቤት ደረሰ።

ቤት ገብቶ ወዲያ ወዲህ አለ። ማብሰያ ክፍሉን ከፈተ፤ ዘጋ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያ ... ነገር የለም?»

«የትኛው ነገር?»

«ያ ቡናማው።»

«ብዙ ቡናማ ነገር አለ። በስሙ ጥራው።»

ግራም ኮርኒሱን አየ፤ ወለሉን አየ። «እንግዲህ ... የከብቱ ኬክ በይው!»

ባለቤቱ ሳቋን በመሐረብ አፍና፣ ካሮቱ ተፈቅፍቆ፣ ቴምሩ ተፈጭቶ፣ ከጠዋት ጀምሮ የተዘጋጀውን ትሪ እጁ ላይ አኖረችለት። አውቃ ነበርና አቡክታ ነው የጠበቀችው።

ግራም ደረጃውን ተያያዘው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ አልቆመም። አራተኛው ላይ ሲደርስ ቀበቶው፣ ያ በምስማር ተበስቶ ተበስቶ ወንፊት የሆነው፣ ቀስ ብሎ ለቀቀ። ሱሪው መንሸራተት ጀመረ። አንዲት ጎረቤት በሯን ከፍታ እያየች ነው። ከላይ ዋርሳው «ዋርሳዬ፣ መጣህ? ምድጃው ግሏል!» ብላ ትጣራለች። ግራም በሁለት እጁ የያዘውን ትሪ አየ፤ ወደ ታች ደግሞ ሱሪውን አየ፤ ለአፍታ አሰበ።

ሱሪውን ተወው። ትሪውን ግን አልለቀቀም።